ስፌት አልባው ሹራብና የኤልሳቤጥ ዚመርማን ሙግት

ስለ ሹራብ አሠራር የተጻፈ መጽሐፍ በሂስ ዐምድ ላይ ምን ይሠራል? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከክር ቅርጫቱ አጠገብ ይቀመጣል እንጂ ከልቦለድና ከግጥም መደርደሪያ ላይ አይወጣም። በውስጡም የሚገኘው ትእዛዝ ነው፤ «ይህን ያህል ቁጠሪ፣ ይህን ያህል ቀንሺ፣ ከዚያም ስፊ» ይላል። ትእዛዝ ደግሞ አይተችም፤ ወይ ይፈጸማል፣ ወይ ይጣሳል። ኤልሳቤጥ ዚመርማን በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመችው «ሹራብ ያለ እንባ» ግን ከዚህ ወገን አይደለም። መጽሐፉ ይከራከራል። የሚከራከር መጽሐፍ ደግሞ መልስ ይገባዋል።

ደራሲዋ በ1910 እንግሊዝ አገር ተወለደች። ሥነ ጥበብ የተማረችው በስዊዘርላንድና በጀርመን ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ከጀርመናዊ ባለቤቷ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግራ ዊስኮንሲን ውስጥ ኖረች፤ በ1999 አረፈች። በ1950ዎቹ ለአንድ መጽሔት በክብ መርፌ፣ ያለ ስፌት የሚሠራ ሹራብ አዘጋጅታ ብትልክ፣ አዘጋጆቹ መመሪያውን በተለመደው መንገድ፣ በየቁራጩ ተሠርቶ እንዲሰፋ አድርገው ለውጠው አወጡት። እሷም ከዚያ ወዲህ የራሷን የዜና መጽሔት ማሳተም ጀመረች። የመጽሐፉ ሙግት ሥሩ ይህ ነው። «ሠሪዋ ይህ አይገባትም» ብሎ በሌላው ፈንታ የወሰነውን አርታኢ ስትሞግት የኖረች ሴት ድምፅ ከየገጹ ይሰማል።

ሙግቱ ምንድን ነው? የተለመደው የሹራብ መመሪያ ከልብስ ሰፊ የተዋሰው ነው። ልብስ ሰፊው የሚጀምረው ከተዘጋጀ ጨርቅ ስለሆነ መቅደድና መልሶ መግጠም ግድ ይለዋል። ጀርባውን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ፣ እጅጌዎቹን ለየብቻ ያወጣል። ሹራብ ሠሪዋ ግን ጨርቁንም ልብሱንም ባንድ ጊዜ ነው የምትፈጥረው። ክሩ በእጇ ነው፤ የሰው ገላም ቱቦ እንጂ ሰሌዳ አይደለም። ታዲያ ለምን ዘርዝራ ሠርታ እንደገና ትሰፋለች? ዚመርማን «ገላውን አንድ ቱቦ፣ እጅጌዎቹን ሁለት ቱቦ አድርገሽ ሥሪ፤ ብብት ላይ ሦስቱን ባንድ መርፌ አገናኝተሽ እስከ አንገት ውጪ» ባይ ናት።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጋቢያችን መሃሉ ላይ ስፌት ያለው ሸማኔው ስላነሰው አይደለም፤ በእጅ የሚወረወር መወርወሪያ ከክንድ ርዝመት በላይ ስለማይሄድ ነው። ስፌቱ የመሣሪያው ዳርቻ ምልክት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ወታደሮቹ የክርስቶስን ሌላ ልብስ ተከፋፍለው እጀ ጠባቡን ግን ዕጣ የተጣጣሉበት፣ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ ቢቀደድ የሚበላሽ ልብስ ስለነበረ ነው። ስፌት አልባነት ድሮም ክብር ነበረው ማለት ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት ግን ቱቦው ሳይሆን ሥሌቱ ነው። ደራሲዋ «መጠን 38፣ መጠን 40» እያለች ሰንጠረዥ አትደረድርም። «በመጀመሪያ በክርሽና በመርፌሽ ትንሽ ቁራጭ ሠርተሽ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት የክር ቀለበት እንደሚገባ ቁጠሪ፤ በደረት ዙሪያ አባዢው» ትላለች። በኢንች 5 ቀለበት ቢገባና ዙሪያው 40 ኢንች ቢሆን 200 ይመጣል። ይህ መቶ በመቶ ነው። የቀረው ሁሉ ከእርሱ ይቀዳል፤ የእጅጌው ጫፍ 20 በመቶ ወይም 40 ቀለበት፣ የክንዱ ላይኛ ክፍል 33 በመቶ ወይም 66፣ ከእያንዳንዱ ብብት ሥር የሚቀረው 8 በመቶ ወይም 16፣ አንገቱ 40 በመቶ ወይም 80 ይሆናል። ክሩ ቢወፍር፣ ለባሹ ሕፃን ቢሆን፣ ቁጥሩ ይለወጣል እንጂ ዝምድናው አይለወጥም። ሠሪዋ የሰው ገላ ከራሱ ጋር ያለውን ስምምነት ትማራለች። መመሪያን በጭፍን የሚከተሉትን «ጭፍን ተከታይ» ትላቸዋለች፤ ግን አትንቃቸውም፤ ለእነርሱም ዝርዝሩን ትጽፍላቸዋለች። የራሷንም ዘዴዎች ፈጠርኳቸው አትልም። ከእሷ በፊት አንዲት ሠሪ የሆነ ቦታ ሳታገኛቸው አትቀርም ባይ ናት። በዚህ ትሕትና ውስጥ ሐሰት አይታየኝም።

እንግዲህ ይህን ሙግት በከባዱ ቦታ እንፈትነው። የምመርጠው ፈተና ከፊት ተደራርቦ በመቀነት የሚታሰር፣ ገጹ ለስላሳ ሳይሆን ጎበጥ ጎበጥ ያለ ካርዲጋን ነው። እንዲህ ያለ ልብስ ቱቦ አይደለም፤ ፊቱ ክፍት ነው። ዚመርማን ለካርዲጋን የምታቀርበው መፍትሔ ደፋር ነው፤ ቱቦውን ጨርሶ፣ መሃሉን ግራና ቀኝ በስፌት መኪና አጥብቆ፣ በመቀስ መቅደድ። ዘዴው ይሠራል፤ ሱፍ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ እንደሚፈራው አይተረተርም። ነገር ግን የሚሰጠን ጫፍና ጫፉ የሚገናኝ ካርዲጋን ነው እንጂ የሚደራረብ አይደለም። ለሚደራረበው፣ ገላውን ሁሉ ባንድ መርፌ ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ መሥራት ግድ ነው። ስፌት የለም፤ ቱቦም የለም።

ሥሌቱ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ፊቶች ከመሃል አልፈው እያንዳንዳቸው በ30 ቀለበት ቢደራረቡ በመርፌው ላይ 260 ይሆናል። መመሪያውን በቃሏ የያዘች ሠሪ የ260ን 33 በመቶ ብትወስድ ለክንዱ 86 ገደማ ይመጣላታል፤ ከሚገባው በ20 ቀለበት፣ ማለት በ4 ኢንች የሰፋ እጅጌ! መቶው መቆጠር ያለበት ከገላው እንጂ በመርፌው ላይ ካለው አይደለም፤ ድርቡ በኋላ የሚጨመር፣ ወደ አንገት ሲወጣም በዝግታ እየተቀነሰ የሚያልቅ ትርፍ ነው። ሥሌቱ የተቀመረው ዙሪያው ለሚዘጋ ሹራብ ስለሆነ ይህን ማስተዋል ለአንባቢዋ የተተወ ነው። ጭፍን ተከታይ የምትሆነው የድሮውን ሰንጠረዥ የምትከተለው ብቻ አይደለችም፤ አዲሱን ሥሌት ሳታስብ የምትከተለውም ናት።

ስለ ገጹ ግን መጽሐፉ ከእኔ ጋር ነው። ደራሲዋ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው፣ አንድ ዓይነት ቀለበት ብቻ እየተመላለሱ ሲሠሩት እንደ እርሻ ትልም ተደርድሮ የሚወጣውን ተራ ገጽ ነው። ብዙ ሰው የጀማሪ ሥራ ነው ብሎ ይንቀዋል። ነገር ግን ለስላሳው ገጽ ዳሩ ይጠቀለላል፤ ባለ ትልሙ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ለሚደራረብ ፊት ይህ ጌጥ ሳይሆን ምሰሶ ነው። ደግሞም በባለ ትልሙ ገጽ የቀለበቱ ቁጥር ከትልሙ ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን አራት ማዕዘኑ እኩል ይወጣል። በ1968 ያወጣችው የሕፃን ካፖርት የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ቅርጽ የሌለው የሚመስል አንድ ቁራጭ ሲታጠፍ ድንገት ካፖርት ይሆናል። ልብ በሉ፤ እርሱም ቢሆን ትከሻው ላይ ሁለት አጫጭር ስፌቶች አሉት። የስፌት ጠላት የተባለችው ሴት ትልቁ ሥራዋ ላይ ስፌት አስገባች።

ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። እንዲያውም መጽሐፉ በግልጽ ሊናገረው ሲገባ ያለፈው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ስፌት አጥንት ነው። ከባድ ክር፣ ሰፊ ድርብና ረጅም ገላ ያለው ካርዲጋን በትከሻው ላይ የሚያርፍ ነገር ከሌለው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ወገቡ ጉልበት ይደርሳል። ብልኅ ሠሪ የኋላውን አንገት በጠባብ ጥምዝ ታጠነክረዋለች፤ ካስፈለገም ትከሻው ላይ ትሰፋለች። «ያለ እንባ» የሚለው ርእስ የሚያባብል ነው፤ ስፌትን ያስቀረ ሁሉ ድካምን አላስቀረም። ድካሙን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ከመስፋት ወደ ማሰብ አዛውሮታል።

የመጽሐፉም ዋጋ እዚያው ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የእጅ ሥራ ዕውቀት «እያየሽ አድርጊ» እየተባለ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ እጅ ያውቃል፣ አፍ ዝም ይላል። የምትሠራዋ ሴት «ባለሙያ» ትባላለች፤ አሳቢ ግን አትባልም። ዚመርማን ያደረገችው እጅ የሚያውቀውን አፍ አውጥቶ እንዲናገር፣ «ለምን?» ተብሎም እንዲጠየቅ ነው። የተጠየቀ ዕውቀት ይታረማል፣ ይሰፋል፣ ከባለቤቱም ዕድሜ ያልፋል። እኔ እዚህ ከመቶው ላይ 60 ቀለበት ቀንሼ ልከራከራት የቻልኩት እሷ ሥሌቷን ገልጣ ስላስቀመጠችው ነው። የድሮው ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ እጅጌው ሰፍቶ ሲወጣ ጥፋቱ የሠሪዋ ተብሎ ይቀር ነበር።