ሁሌም 1780 የሚለው ብር

የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ምስማር ላይ ሲደርስ ድምፁ ጎርናና፣ ቁርጥርጥ ያለ ነው። ትልቅ የብር ሳንቲም ላይ ሲደርስ ግን ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። በእኛ አገርም ሆነ በቀይ ባሕር ማዶ እንዲህ አስጩሆ ከአፈር የወጣ፣ የመዳፍን መሐል የሚሞላ ብር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማርትሬዛ ነው። ጠገራ ብር የምንለው ማለት ነው። ጭቃው ሲራገፍ ከንስሩ ጎን 1780 የሚል ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ ስለ ሳንቲሙ ዕድሜ የሚነግረን ነገር የለም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) በኅዳር ሞተች፤ ማተሚያ ቤቶቹ ግን የዓመቱን ቅርጽ ሳይቀይሩ ማተማቸውን ቀጠሉ። በ1850 የታተመውም፣ በ1936 የታተመውም 1780 ነው የሚለው። ስለዚህ የት ተሠራ፣ መቼ ተሠራ የሚለውን ቀኑን ትቶ ሌላውን ሁሉ በማየት መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን። ክብደቱ 28.0668 ግራም ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ አንዱ መዳብ። ስፋቱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ቢታተም ቶሎ ያልቃል፤ የሚያጠነክረው መዳቡ ነው። ከመሬት የወጣው ላይ የሚታየው አረንጓዴ ነቁጥም የዚሁ መዳብ ሥራ ነው።

ፊቱ ላይ ወደ ቀኝ የምትመለከት፣ በዕድሜ የገፋች ሴት አለች። ራሷን የሸፈነው የመበለት ሻሽ ነው፤ ባሏ በ1765 ሞቷል። አገጯ ድርብ፣ አንገቷ ወፍራም ነው። ቅርጹን የቀረጸው ሰው ሊያሳምራት አልሞከረም፤ ደግ አድርጓል። ከፀጉሯ በላይ ዕንቁ የተደረደረበት ጌጥ፣ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ዙሪያው በዕንቁ የተከበበ ማያያዣ አለ። ሳንቲሙ ላይ ወጣ ያለው ሁሉ በማተሚያው ብረት ላይ ጎድጓዳ ነው። እያንዳንዱ ዕንቁ፣ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መምቻ አንድ ጊዜ የተመታ ጉድጓድ ማለት ነው። ምቱ ትንሽ ቢጠብቅ ዕንቁው ከጎረቤቱ ይገጥማል፤ ቢላላ ደብዝዞ ይቀራል።

ከትከሻዋ ሥር ሁለት ፊደሎች አሉ፤ ኤስ እና ኤፍ። ሾብል እና ፋቢ የተባሉ፣ በደቡብ ጀርመን በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የሠሩ ሹማምንት ስም መጀመሪያዎች ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ከሞቱ ከረጅም ዘመን በኋላም ፊደላቸው ሮም ውስጥና ቦምቤይ ውስጥ እንዳለ ይታተም ነበር።

የእኛ ነጋዴዎች ዕንቁውን እየቆጠሩ፣ የትከሻውን ጌጥና ፊደሎቹን በጣት እየዳበሱ ነበር ብሩን የሚቀበሉት። ያለቀና የተፋቀ ከሆነ ይመልሱታል። ይህን እንደ አጉል እምነት አይተው የጻፉ የውጭ ተጓዦች አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ የተሻለ መመርመሪያ በገበያ መሐል አይገኝም። አስመሳይ ብሩን በአፈር ቅርጽ አቅልጦ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚሁ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ ዕንቁው ይሟሟል፣ የፊደሉ ማዕዘን ይደነዝዛል።

ለእኔ ግን የዚህ ሳንቲም ምርጡ ቦታ ፊቱ አይደለም፤ ጠርዙ ነው። ሳንቲሙን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ይዞ ቀስ ብሎ ማዞር ያስፈልጋል። ዙሪያውን በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ይዞራል፤ የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነው። በቃላቱ መሐል የሐረግ ጌጥ አለ። ፊደሎቹ ወደ ውስጥ የተቆፈሩ አይደሉም፣ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፤ ሁሉም ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል በምትሆን መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ያበጠ ፊደል ያለው ጠርዝ ከድፍን ቀለበት ውስጥ ተንሸራቶ ሊወጣ አይችልም፤ ይነክሳል። ስለዚህ ወይ ዝርግ ብሩ ፊትና ጀርባው ከመመታቱ በፊት በተቀረጹ ሁለት ብረቶች መሐል ተንከባልሎ ጠርዙ ይጻፋል፣ ወይ ደግሞ ቀለበቱ ራሱ ተከፋፍሎ የሚከፈት መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ድካም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ከዳር ዳር ብር የሚከረክም ሌባ ፊደሉን ሳይነካ መከርከም አይችልም።

ጀርባው ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር ዘውድ ደፍቶ ቆሟል። ደረቱ ላይ ጋሻ አለ፤ መሐሉ ኦስትሪያ፣ ዙሪያው ደግሞ ሃንጋሪንና ቦሔሚያን የመሳሰሉ ግዛቶች ዐርማ። ጋሻው ተጨናንቋል፤ ክንፎቹ ግን ላባ በላባ ተለይተው ይታያሉ። ከ1780 በኋላ ያለችው ኤክስ ዓመተ ምሕረቱን የምትዘጋ ጌጥ ትመስላለች፤ ግን ከ1750 ጀምሮ አዲሱን የብር መለኪያ ለማመልከት የገባች ምልክት ናት።

የተሠራበትን ከተማ የሚፈልግ ሰው ማጉያ መነጽሩን ወደ ንስሩ ጅራት ይወስዳል። የላባዎቹ አደራደር፣ የትከሻው ጌጥ ቅርጽ፣ ከፊደሎቹ በኋላ ያሉት ነጥቦች ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይለያያሉ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ አትመውታል። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወርር ሲዘጋጅ የማተሚያውን ቅርጽ ከቪየና ወደ ሮም አስወሰደ፤ ለዘመቻው የሚሆን ብር ያስፈልገው ነበር። ቅርጹ የተከለከሉት ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ የየራሳቸውን አስቀረጹ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቦምቤይ ተጨመረች። ከአንድ ፊት ተነስተው የተለያዩ እጆች ሲገለብጡት አንዱ ጋ ላባው ይሰፋል፣ ሌላው ጋ ነጥቡ ይወርዳል። ልዩነቱ የፀጉር ስፋት ቢያህል ነው እንጂ ከዚያ አይበልጥም።

ጣሊያን በ1918 ለኤርትራ ገበያ ይህን ብር የሚመስል፣ ግን የራሷ የሆነ ሳንቲም አሳትማ ነበር። ገበያው አልወደደውም። ዐፄ ምኒልክ ፓሪስ ያሳተሙት ብር 28.075 ግራም ነው፤ ከማርትሬዛው የሚለየው አንድ መቶኛ ግራም ባልሞላ ነው። የባሕር ማዶውን ብር ከገበያ ለማስወጣት ግን እሱም አልበቃም።

ከመሬት የወጣውን በአመድና በሎሚ መፈተግ ሥራውን ማበላሸት ነው። በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና ማድረቅ ይበቃል። ጥቁሩ ሽፋን ራሱ በፊደሎቹ ሥር ገብቶ ስለሚቀመጥ ጽሑፉን ለማንበብ ያግዛል። ፊቱ ላይ በዐረብኛ «ሒጃዝ» የሚል ትንሽ ማኅተም ከተገኘ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ማኅተም ግን በኋላ በሐሰት ብዙ ተመቷል፣ ስለዚህ ከማኅተሙ ዳር ያለው ብር እንዴት እንደተገፋ ማየት ነው። ከጫፉ ቀዳዳ ካለው አንገት ላይ ውሏል። አንጥረኛው ማንጠልጠያ በይዶበት ከሆነም ሚዛኑ ከ28.0668 ግራም በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ሐሰተኛ ነው ከማለት በፊት የማንጠልጠያውን ክብደት መቀነስ ይገባል።