ቶሎ የሚሞት ድምፅ፦ ማንዶሊን በብሉግራስ ውስጥ

ማንዶሊን የጀመረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታገለው ከድምፁ ዕድሜ ጋር ነው። ክሩ ተመታ ሲባል ጠፍቷል። መሰንቆና ቫዮሊን ቀስቱ እስካለ ድረስ ይተነፍሳሉ፤ ጊታርም ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ድምፁን ጥቂት ያቆየዋል። ማንዶሊን ግን ትንሽ ሆድ፣ አጭር አንገትና ጥንድ ጥንድ ሆነው በአራት ረድፍ የተወጠሩ ስምንት የብረት ክሮች ናት። አቃኛኘቷ ቁርጥ የቫዮሊን ነው፤ እስትንፋሱን ግን አልወረሰችም። ብሉግራስ የተባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ጣት ቅልጥፍናና ስለ ቀጭኑ የአዘፋፈን ድምፅ ብዙ ጽፈዋል። በዚህ ዳሰሳ ላሳይ የምሞክረው ሌላ ነገር ነው፤ የብሉግራስ ምት የቆመው በዚሁ በድምፁ አጭርነት ላይ መሆኑን፣ የተጫዋቹም ደስታ ከዚያው የሚቀዳ መሆኑን። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጣሊያን ተጫዋቾች ለዚህ ጉድለት ያገኙለት መላ ትሬሞሎ ነው። አንዱን ድምፅ ፒኩን ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት እያመላለሱ ይመቱታል፤ ብዙ አጫጭር ሞቶች ተቀጣጥለው ረጅም ሕይወት ይመስላሉ። ማንዶሊን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፋሽን ስትሆን በዚሁ ዘዴ ነበር የምትዘምረው፤ በየኮሌጁና በየከተማው የማንዶሊን ኦርኬስትራ ተቋቋመ። ሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ፣ ኦርቪል ጊብሰን የሚባል ሰው ጀርባዋ እንደ ቅል የጎበጠውን የኔፕልስ ማንዶሊን ትቶ ፊቷንም ጀርባዋንም እንደ ቫዮሊን እየቀረፀ ይሠራ ጀመር፤ በ1902 በስሙ ኩባንያ ተመሠረተ። በ1922 ደግሞ ሎይድ ሎር የተባለ የኩባንያው ባለሙያ ኤፍ-5 የተሰኘችውን ሞዴል አወጣ። የታሰበችው ለኮንሰርት አዳራሽ ነበር። ግን የኦርኬስትራው ዘመን አልፏል፤ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ሎርም በ1924 ሥራውን ለቀቀ። በ1923 ከፈረመባቸው ኤፍ-5ዎች አንዷ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይታ ማያሚ ውስጥ በአንድ ፀጉር ቤት መስኮት ላይ ለሽያጭ ተቀምጣ ተገኘች። በ150 ዶላር የገዛት የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ነው። ለአዳራሽ የተሠራች ዕቃ፣ ባለቤት አጥታ፣ የገበሬ ልጅ እጅ ገባች።

ሞንሮ በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። የስምንት ልጆች መጨረሻ፣ ዓይኑ ሸውራራ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ስለያዙ ማንዶሊን የደረሰችው ተራርፋ ነው፤ እሷንም ቢሆን ድምፁ እንዳይበዛ ከስምንቱ ክሮች አራቱን እንዲያወልቅ አድርገውት እንደነበር ራሱ ሲያወራ ኖሯል። እናቱ በአሥር ዓመቱ፣ አባቱ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሞቱበት። ከዚያ በኋላ ያሳደገው አጎቱ ፔንደልተን ቫንዲቨር በየመንደሩ ለጭፈራ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበር። ሌላው አስተማሪው አርኖልድ ሹልትዝ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች፣ ልጁን ይዞት ለጭፈራ ይሄድ ነበር። ብሉግራስን የነጮች የተራራ ሙዚቃ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የሞንሮ ማንዶሊን ውስጥ ያለው የብሉዝ ጥምዝ ከየት መጣ ቢባል፣ ሞንሮ ራሱ የሚጠራው ሹልትዝን ነው፤ ባንጆውም ቢሆን ዝርያው ከምዕራብ አፍሪካ ነው።

ከሁለቱም አስተማሪዎች የወሰደው ትልቁ ነገር ግን ጭፈራን ማጀብ ነው። ሰው የሚጨፍርበት ቤት ውስጥ ዜማው ቢሳሳት ይታለፋል፤ ምቱ ከተሰበረ እግር ይቆማል።

ብሉግራስ ከበሮ የለውም። ባሱ አንደኛውንና ሦስተኛውን ምት ይይዛል። ሁለተኛውና አራተኛው ባዶ ናቸው፤ እነሱን የሚሞላው የማንዶሊን ቾፕ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የግራ እጅ አራቱንም ረድፍ ሸፍኖ ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ባንድ ጊዜ ይመታል፣ ግራው ወዲያው ጭነቱን ያላላል። ክሮቹ ከብረቱ መስመር ይለቃሉ፤ ጣቶቹ ግን ከላያቸው ስላልተነሱ ድምፁ ይታፈናል። የሚሰማው ዜማም ኮርድም አይደለም፤ ጣውላ በጣውላ እንደተመታ ያለ «ጭክ» ነው። የጣሊያኖቹ ትሬሞሎ ሞትን ያዘገያል፤ የሞንሮ ቾፕ ድምፁ በራሱ እስኪሞት እንኳ አይጠብቀውም፣ ገና እንደተወለደ ያፍነዋል። የዕቃዋ ጉድለት የባንዱ ልብ ምት ሆነ።

ክራር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ክራር ተጫዋች ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ ሲመታ የግራ እጁ ጣቶች ሥራ የማይፈልጋቸውን ማፈን ነው፤ ዜማው የሚወጣው ዝም ከተባሉት መካከል ነው። ዘዴዎቹ ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ ከሌላው አልተማረም። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ጋ ግማሹ ሙያ በማፈን ላይ መሆኑ ነው።

የሞንሮ ማንዶሊን ራሷ ብዙ ሞት አይታለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለጥገና ወደ ፋብሪካዋ ልኳት ለወራት ቆይታ ስትመለስ ባየው ሥራ ተናዶ፣ ራሷ ላይ በሰደፍ የተጻፈውን የኩባንያውን ስም በስለት ፍቆ አወጣው። የተረፈው «ዘ» የምትለው የእንግሊዝኛ መነሻ ቃል ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ እንዲያ ሆና መድረክ ላይ ወጣች። በ1985 ደግሞ ቤቱ የገቡ ሰዎች በእሳት መቆስቆሻ ብረት ሰባበሯት። ቻርሊ ዴሪንግተን የተባለ የጊብሰን ባለሙያ ከመቶ የሚበልጡ ስንጥሮችን ገጣጥሞ መለሰለት። ዛሬ ናሽቪል ሙዚየም ውስጥ ናት። ይህን ታሪክ አድናቂዎች እንደ ገድል ይተርኩታል፤ እኔ በበኩሌ ገድሉ አይማርከኝም። የሚገርመኝ ሰውየው ከሰሪዋ ጋር ተጣልቶም ሌላ ማንዶሊን ዋና መሣሪያው አለማድረጉ ነው። ያንን «ጭክ» የምትለው እሷ ነበረች።

ስለ ብሉግራስ የሚደጋገመው ትልቁ ስሕተት ዕድሜው ላይ ነው። ጥንታዊ ነው ይባላል። ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው ግን በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ የሦስት ጣት ባንጆውን ይዞ ከሞንሮ ባንድ ጋር ሲቀላቀል ነው፤ ሌስተር ፍላት በጊታር፣ ቸቢ ዋይዝ በቫዮሊን። በ1946 ቺካጎ ገብተው የቀረፁት ዛሬም እንደ መመዘኛ ይሰማል። ሙዚቃው ከጃዝ ሙዚቀኛው ከቤኒ ጉድማን ኦርኬስትራ ያነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ያሳደገውም ተራራ ሳይሆን ሬዲዮ ነው፤ ሞንሮ ከ1939 ጀምሮ የናሽቪሉ የግራንድ ኦል ኦፕሪ ፕሮግራም ቋሚ ተጫዋች ነበር። ከዚያ በፊት ኢንዲያና ውስጥ ዋይቲንግ በተባለ የፋብሪካ ከተማ በነዳጅ ማጣሪያ ጉልበት ሠርቷል። ስለ ትውልድ መንደሩ የዘፈነው መንደሩን ከለቀቀ በኋላ ነው። ስሙም ቢሆን አሳሳች ነው፤ ብሉግራስ የኬንታኪ ቅጽል ስም ነው እንጂ ሮዚን ብሉግራስ በሚባለው አካባቢ አይደለችም።

የንጹሕነት ጠባቂዎችም ይህንኑ ስሕተት ይወርሳሉ። አኮርዲዮን ብሉግራስ ውስጥ አይገባም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ከ1943 እስከ 1946 ከሞንሮ ጋር አኮርዲዮን የተጫወተችው ሳሊ አን ፎረስተር ግን እዚያው ባንድ ውስጥ ነበረች።

ብሉግራስ የተሰደደ ሰው ሙዚቃ መሆኑን ለማየት ከዋሽንግተን የተሻለ ቦታ የለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአፓላችያ ተራሮች ለሥራ የወረዱ ሰዎች ዜማውን ይዘው ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ሰፈሩ። ካንትሪ ጀንትልመን የተባለው ባንድ በ1957፣ ሰልደም ሲን የተባለው በ1971 የተመሠረቱት እዚያው ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ማንዶሊን የያዘው ጆን ደፊ፣ የኦፔራ ዘፋኝ ልጅ ነበር። ሰልደም ሲን ሲመሠረት አባላቱ ሐኪም፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ካርታ ሠሪ ነበሩ፤ ቀን ሥራቸውን ውለው ማታ ይጫወታሉ። ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ በርችሚር በተባለው የሙዚቃ ቤት ለዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ይጫወቱ ነበር። ዛሬ እዚያው ከተማ ከአማርኛ ተናጋሪ ጋር ሳይገናኙ መንገድ መሻገር ያስቸግራል። ሆኖም ብሉግራስን «የአሜሪካ ትዝታ» ማለት ስንፍና ይመስለኛል። ትዝታ ቅኝት ነው፤ ናፍቆቱን በዝግታ ያብላላል። ብሉግራስ ናፍቆቱን የሚሸከመው በሩጫና በድምፅ ከፍታ ነው፤ ሞንሮ ዘፈኑን ለቫዮሊን ተጫዋቾች ወደማይመቹ ቁልፎች ሽቅብ ይገፋው የነበረው ለዚያ ነው።

የማንዶሊን ጠባይ በአጃቢዎቿ እንደሚወሰን ያስተማረኝ ደግሞ አዲስ አበባ ነች። ግሩም መዝሙር በመሠረተው አዲስ አኩስቲክ በተባለው ባንድ ውስጥ አንጋፋው አየለ ማሞ ማንዶሊን ይዘው ሲሰሙ ቾፕ ፍለጋ ጆሮ ማቅናት ከንቱ ነው። ከበሮው አለ፣ ባሱ አለ፣ ክላሪኔቱና አኮርዲዮኑ አሉ። ምት የመያዝ ዕዳ የለባትም። ስለዚህ ትዘፍናለች፤ ትሬሞሎዋ በቅኝቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ የዘፋኙን ድርሻ ይወስዳል። ዕቃዋ ያችው ስምንት ክር ናት፤ ልዩነቱ በየቤቱ ምን እንደጎደለ ነው።

እኔ በጎልማሳነት የጀመርኩ ነኝ፤ ፈጣን አይደለሁም፣ አልሆንምም። ደስታው ያለው ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ያለ ድምፅ ማጉያ ሲቀመጡ ነው። ከአምስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ማንዶሊን ዜማ የምትይዘው ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ቀሪው ሁሉ «ጭክ» ነው። ጀማሪ ይህን እንደ ተራ መጠበቅ ይቆጥረዋል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ጆሮው ይገለበጣል፤ በባሱና በቾፑ መካከል ያለችው ቅንጣት ጊዜ ትሰማዋለች፣ ሰውነቱ እሷ ላይ ይደገፋል። ከዚያ ተራው ይደርሳል። ዜማውን ሲወስድ ቾፑ ይቋረጣል፤ ከክቡ መሐል ወለሉ የጎደለ ያህል ይሰማል። ያን ጊዜ ጎኑ ያለው ባንጆ ተጫዋች ምንም ሳይባል ክሮቹን በመዳፉ አፍኖ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ «ጭክ» ማለት ይጀምራል፤ ማንዶሊኑ እስኪመለስ።