በሽተኛን መጠየቅ

በአማርኛችን አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ተማሪ ያላወቀውን ነገር መምህሩን ይጠይቃል፤ ጎረቤትም የታመመ ጎረቤቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። አባቶቻችን የበሽተኛን ቤት መጐብኘት «መጠየቅ» ብለው መሰየማቸው ያለ ጥበብ አይመስለኝም፤ ወደ ታመመ ሰው የሚሄድ ሁሉ መልስ ተሸክሞ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ ይሂድ ማለት ነው። እኔ ይህን ያስተዋልሁት ግን ከመጻሕፍት አይደለም፤ ከአንድ ሲኒማና ከአንድ የራሴ ጥፋት ነው።

ስለ ሲኒማው ከመናገሬ በፊት ታሪኩ የተሠራበትን ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ዓመቶቹንም በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ራሞን ሳምፔድሮ በእስፓኝ አገር፣ በጋሊሲያ ምድር የተወለደ መርከበኛ ነበር። በ1968 ዓ.ም.፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከዓለት ላይ ወደ ባሕር ዘለለ፤ ውሃው ሸሽቶ ኖሮ ራሱ ከመሬት ጋር ተጋጭቶ አንገቱ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አልታዘዘውም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ አልጋ ላይ ኖረ፤ በአፉ በያዘው እንጨት እየጻፈም በ1996 ዓ.ም. «ከሲኦል የተጻፉ ደብዳቤዎች» እንደ ማለት ያለ ስም ያለው መጽሐፍ አወጣ። ከ1993 ዓ.ም. አንሥቶ፣ እንዲሞት የሚረዳው ሰው እንዳይቀጣ ይፈቀድለት ዘንድ ለዳኞች አመለከተ፤ አንድም ፍርድ ቤት አልፈቀደለትም። በ1998 ዓ.ም. በጥር ወር ወዳጆቹ በስውር ረድተውት ሞተ።

ይህን ታሪክ አሌሃንድሮ አሜናባር የተባለው የእስፓኝ ሲኒማ ሠሪ በ2004 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረበው፤ ስሙም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወደ ባሕሩ ውስጥ» እንደ ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት ኦስካር የተባለውን ሽልማት፣ በውጭ ቋንቋ ከተሠሩት መካከል ተመርጦ፣ ተቀበለ። ሽልማቱ የተገባው ነው። ሃቪየር ባርዴም የተባለው ተዋናይ እጅና እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በዓይኑና በድምፁ ብቻ፣ ሙሉ ሰው አድርጎ አሳይቶናል፤ የሚቀልድ፣ የሚቈጣ፣ የሚወደድ ሰው። ከእርሱም ይልቅ የቤቱ ሰዎች ልቤን ነክተውታል። የወንድሙ ሚስት ማኑዌላ ታጥበዋለች፣ ታጐርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች፤ ይህንም ስታደርግ አንድም ቃል ስለ ራሷ አትናገርም። ወንድሙ፣ እኔ ባለሁበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም ብሎ ይቈጣል። ሽማግሌው አባትም የልጅ ሞት ክፉ እንደ ሆነ፣ ልጅ መሞትን ሲመኝ ማየት ግን ከዚያ እንደሚከፋ በአጭር ቃል ይናገራል።

በሲኒማው ውስጥ ሰዎች አብዝተው የሚያወሩለት ክፍል የቄሱ መምጣት ነው። ይህ ቄስ እንደ ራሞን አካሉ የማይታዘዝለት ሲሆን፣ ምናልባት ቤተ ሰቡ በቂ ፍቅር አልሰጡት ይሆናል ብሎ በቴሌቪዥን ተናግሮ ነበር። ሊመክረው ወደ ቤቱ ሲመጣ ወንበሩ በደረጃው ላይ አልወጣ ይላል። ቄሱ ከታች፣ በሽተኛው ከላይ ሆነው፣ አንድ ወጣት ደቀ መዝሙር ቃላቸውን እያመላለሰ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻም ይጯጯሃሉ። ተመልካች ይሥቃል፤ እኔም ሥቄአለሁ። ቄሱ ሊሄድ ሲል ግን ማኑዌላ ከእነርሱ ማን እንደሚሳሳት እኔ አላውቅም፣ እኔ ግን እንደ ልጄ እወደዋለሁ፣ አንተም አፍህ ሰፊ ነው ስትለው ሣቄ ጠፋ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ ክፍል ሃይማኖትን ይሰድባል ይላሉ። እኔ አይመስለኝም፤ መልሱን ይዞ ጥያቄውን ረስቶ የመጣን ሰው ያሳያል እንጂ። ነገር ግን ሲኒማ ሠሪውንም እወቅሰዋለሁ። ያው ሕመም ይዞት ሳለ መኖርን የመረጠ ሰው ታላቅ ምስክር ነበር፤ አሜናባር ግን መሣቂያ አደረገው። ተከራካሪውን አድክሞ ያቀረበ ሰው፣ ቢረታም እንኳ የረታው ደካማን ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ባልንጀራዬ ግማሽ አካሉ ሰንፎበት ተኛ። በሄድሁ ቊጥር «ሞት ረሳኝ» ይለኝ ነበር። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት በልጅነቴ የተማርሁትን ሁሉ አስታውሼ፣ ስለ ኢዮብና ስለ ትዕግሥት ግማሽ ሰዓት ያህል ሰበክሁለት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ልትጠይቀኝ መጣህ ወይስ ልትፈትነኝ?» አለኝ። ተቀየምሁ፤ ለወራትም እግሬን ሰበሰብሁ። እንደ ገና ወደዚያ ቤት የገባሁት ለልቅሶው ነው። ያን ቀን ሴት ልጁ እንደ ነገረችኝ፣ እርሷ እርሱን ለማስታመም ሥራዋን ትታ ነበርና፣ የልጄን ወጣትነት ሰረቅሁ እያለ ሌሊት ሌሊት ያለቅስ ነበር። እኛ ባልንጀሮቹ በተራ ብናስታምመው ኖሮ ይህ ሸክም በቀለለ ነበር። «ሞት ረሳኝ» ያለው ሞትን ፈልጎ ነው ወይስ ልጁን ነጻ ሊያወጣ? እኔ አልጠየቅሁም፤ ስለዚህ አላውቅም።

እንግዲህ በሽተኛ ሁሉ ፍቅርና ማስታመም ካገኘ ሞትን አይመኝም ብዬ ነገሩን ልዝጋው? ሲኒማው ይህን ይከለክለኛል፤ ትልቁም ጒልበቱ እዚህ ላይ ነው። ሳምፔድሮ ተወዷል፣ ታጥቧል፣ ተጠይቋል፤ ሆኖም መሞትን መረጠ። ክርክሩም መኖር መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ቀላል አይደለምና በጥንቃቄ እንመርምረው።

መብት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሽተኛ መድኃኒቱን አልወስድም ወይም እስትንፋሴን የሚያቆየው መኪና ይነሣልኝ ቢል፣ ፈቃዱን ለማክበር እጃችንን መሰብሰብ ብቻ ይበቃናል። ሳምፔድሮ የጠየቀው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። ይህንንም እርሱ ራሱ ያውቅ ነበር፤ የአንዱም ድርሻ ብቻውን ወንጀል እንዳይሆን ብሎ ሥራውን ለወዳጆቹ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ሰጣቸው። ከሞተ በኋላ አንዲት ወዳጁ ተይዛ ተመረመረች፤ ማስረጃ ጠፍቶም ተለቀቀች። የክሱ ዘመን በይርጋ ካለፈ በኋላ በ2005 ዓ.ም. የረዳሁት እኔ ነኝ ብላ በአደባባይ ተናገረች። ሰባት ዓመት ያህል ምስጢር ተሸክማ ኖረች ማለት ነው። ሲኒማው በተሠራበት ጊዜ ምስጢሩ ገና አልወጣም ነበር፤ መያዟ ግን የታወቀ ነው። አሜናባር የበሽተኛው አሳብ በተራሮች ላይ እንደ ወፍ በርሮ ከባሕር ሲደርስ በውብ ዜማ አጅቦ ያሳየናል፤ ጽዋውን ያቀረበችው እጅ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደ ኖረች ግን አያሳየንም። የሥራው ዋና ጒድለት ይህ ነው። ከበረራው ውበት የተነሣ የቀሪዎቹ ሸክም ተረሳ።

ሕግስ ምን ይላል? ዳያን ፕሪቲ የተባለች እንግሊዛዊት ጅማትን በሚያሰንፍ በሽታ ተይዛ፣ ባሏ እንድትሞት ቢረዳት እንዳይከሰስ ለመነች። የአውሮጳ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ሲፈርድ በሕይወት የመኖር መብት በውስጡ የመሞትን መብት አይዝም አለ። እስፓኝ ግን ሳምፔድሮ በሞተ በ23ኛው ዓመት፣ በ2021 ዓ.ም.፣ ሐኪም እንዲህ ያለውን በሽተኛ እንዲረዳ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሕጉ ግድ የለሽ አይደለም፤ በሽተኛው ቢያንስ የ15 ቀን ልዩነት ባላቸው ሁለት ጽሑፎች ይለምናል፣ ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ አለ፣ ሐኪምም ሕሊናዬ አይፈቅድም ካለ አይገደድም። በእኛ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ደግሞ ሌላው ራሱን እንዲገድል የሚገፋፋውንና የሚረዳውን ሰው ይቀጣል።

እኔ ወዴት ነኝ? በሽተኛ ሕክምናን እምቢ የማለት ነጻነት እንዲኖረው፣ ሥቃዩም በመድኃኒት እንዲታገሥለት እፈልጋለሁ። መግደልን ግን የሐኪም ሥራ የሚያደርገውን ሕግ አልደግፍም። ምክንያቴም እንደ ባልንጀራዬ ያሉት ናቸው፤ እነርሱ ሸክም ሆንሁ ብለው የሚያፍሩ፣ በሩ ሲከፈት ግቡ ሳይባሉ የሚገቡ ናቸው። ሥቃይን የሚያስታግሥ መድኃኒት ለብዙዎች በማይደርስበት አገር ሞትን ማቅረብ ርካሹን ስጦታ አስቀድሞ መስጠት ነው።

ይህ ፍርዴ ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ ዋጋውንም የምከፍለው እኔ አይደለሁም። እንደ ሳምፔድሮ ያለው ሰው ነው የሚከፍለው። ስለዚህ እምቢ የሚል ሰው ሁሉ እምቢታውን በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ይናገር፤ ተናግሮም አይሂድ። ከደረጃው በታች ቆሞ መጮህ ቀላል ነው።

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ ሠላሳ ዓመት አልጋና ስለማይድን ሕመም ነው። በፈተና መውደቅ፣ በፍቅር ማጣት ወይም በኀፍረት ምክንያት ከወጣት ልብ ላይ የሚወርደው ጨለማ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ያልፋል። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ የተላከለት ክርክር አልነበረም፤ እንጎቻና ውሃ ቀረበለት፣ ተኛም። እንዲህ ያለ ጨለማ ቢመጣባችሁ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

ወደ ታመመ ሰው ቤት ስትሄዱም ብርቱካኑን ይዛችሁ ግቡ፤ ስብከቱን ከደጅ ተዉት። ተቀመጡ፤ ምን ይከብድሃል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እስኪጨርስ ስሙ። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ባልንጀራዬን ቀብሬአለሁ።