ማታ ይነገራል

«ዛሬ ውቃቢዬ አልቀረበኝም» የሚል ጸሐፊ በየጊዜው ያጋጥመኛል። ወጣቶቹ ደግሞ «ሙዱ የለኝም» ይላሉ። የእኔ ሥራ ለሬዲዮ ተከታታይ ድራማ መጻፍ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝ አቋም ከሥራው ጠባይ የመጣ ነው። ድራማው በየሳምንቱ ይተላለፋል። የቀረጻው ቀን ሲደርስ ተዋንያኑ ስቱዲዮ ገብተው ጽሑፋቸውን ይጠብቃሉ፤ የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኑን አስተካክሎ ይቀመጣል፤ ባለፈው ሳምንት ታሪኩ ልቡን አንጠልጥሎት የሄደ አድማጭም በየቤቱ ሰዓቱን ይጠብቃል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም የመጻፍ ስሜቴ መጥቶ እንደሆነ አይጠይቁኝም፤ መጠየቅም የለባቸውም።

በዚህ ሥራ ስኖር የጸናብኝ እምነት አንድ ነው፤ ሰውን የሚያጽፈው የሚጠብቀው ሰው ነው። ስሜት ብዙውን ጊዜ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ይደርሳል። ጨርሶ የማይመጣበት ቀንም አለ፤ ጽሑፉ ግን ያን ቀንም ይጻፋል። ክፍሉ ሲተላለፍ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ፣ በደስታ ተውጬ የጻፍኩትን ትዕይንትና እየታገልኩ የጻፍኩትን ለይቼ ማወቅ ያቅተኛል። እኔ ያልለየሁትን አድማጩ በምን ይለየዋል?

ይህን ነገር ከእኛ በፊት ተረድተው ሥርዓት ያበጁለት የቅኔ ቤት መምህራን ናቸው። በዋሸራ፣ በጎንጅም ሆነ በዋድላ የቅኔ ቤት ውሎ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ አገባቡንና ምሥጢሩን ለተማሪዎቻቸው ያስረዳሉ። ተማሪው ቀን ላይ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። አመሻሽ ላይ የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ይቀርብና ይነግራል። የትናንቱን መልሶ መንገር የለም፤ የጓደኛን አምጥቶ መንገርማ ትልቅ ነውር ነው። ልብ በሉ፣ ይህን የሚጠየቀው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ ነው። በየቀኑ አዲስ ድርሰት፣ ያውም በግእዝ፣ ያውም ሰሙና ወርቁ ተስማምቶ!

ሥርዓቱ ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ርኅራኄም አለበት። ጀማሪ ተማሪ መወድስ አምጣ አይባልም። መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ያ ሲቀናው ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሸጋገራል። ስምንት ቤቱን መወድስ የሚደርስበት ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ነው። ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብለው ተቀምጠው ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሸሹ ወዳጆቼን ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል፤ ጉባኤ ቃና ሳይቆጥሩ መወድስ ካልነገርን ብለው ነው የሚጨነቁት። የዛሬው ድርሻ ሁለት ቤት ከሆነ የመጀመር ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ ይቀላል።

ጎጃም ውስጥ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር አግኝቼ ይህንኑ ጠይቄአቸው ነበር።

«የኔታ፣ ሐሳቡ እምቢ ያለው ቀን ተማሪው ምን ያደርጋል?»

«ማታ ይነገራል እኮ ልጄ» አሉኝ።

ጥያቄዬን በደንብ ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩላቸው።

«ሰምቼሃለሁ። እምቢ ቢለውም ማታ ይነገራል። የጎደለበትን እኛ እናቃናለታለን።»

ከዚህ መልስ ውስጥ የበለጠ የያዝኩት ኋለኛውን ነው። ተማሪው ደካማ ቅኔ ይዞ መቅረብ ተፈቅዶለታል። እንዲያውም የሚማረው በዚያ ነው፤ ያልተነገረ ቅኔ አይቃናምና። እኛ ግን ብቻችንን ተቀምጠን፣ ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳንጽፍ እንደ መጨረሻ አራሚ ሆነን እንፈርድበታለን። «ሐሳብ ጠፋ» ከሚባለው ድርቀት ብዙው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ ፍርድ የሚመጣ ፍርሃት ነው። ረቂቅ የሚጻፈው እንዲታረም ነው። እኔ በተሰመረ ደብተር በእስክሪብቶ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ገና የሚታረም ነገር ስለሚመስል አያስፈራኝም። ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በኋላ ነው።

ሌላው ድርቀት ከፍርሃት አይደለም፤ ከባዶ እጅ ነው። የቅኔው ተማሪ ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀመጠ ማለት ባዶውን ተቀመጠ ማለት አይደለም። ግሱን አጥንቷል፤ የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክ፣ ገድሉንና ድርሳኑን ሰምቷል፤ ለሰሙ የሚሆነውን ደግሞ ከሚያየው እርሻና አዝመራ፣ ከገበያውና ከሙግቱ ያነሳል። ስለዚህ ብዕሬ ሲቆም መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው፣ የጎደለኝ ስሜት ነው ወይስ ዕውቀት የሚለውን ነው። መልሱ በአብዛኛው ዕውቀት ሆኖ አገኘዋለሁ።

ምሳሌ ልስጥ። በአንድ ድራማ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በዕቁብ የተነሳ ይጣላሉ። ጠባቸውን መጻፍ አቃተኝ፤ የሚናገሩት ሁሉ ስድብ ብቻ ሆነብኝ። ደብተሬን ዘግቼ ዕቁብ በመምራት የታወቁ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ መጣል ቢያቆም ምን እንደሚደረግ ጠየቅኋቸው። ገንዘቡ እጁ ላይ ከመድረሱ በፊት ዋስ እንደሚጠራ፣ ቢከዳ የሚያዘው ዋሱ እንደሆነ፣ በዳኛውና በጸሐፊው ፊት የሚባለውን ሁሉ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ትዕይንቱ ተከፈተልኝ። የጠቡ ባለቤት ዋሱ ነበር፤ ሁለቱንም የሚወድ፣ ለአንዱ ቃል የሰጠ፣ ለሌላው ዕዳ የሚከፍል ሰው። ያን ቀን ቤቴ ተቀምጬ ስሜቴ እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ ያን ዋስ አላገኘውም ነበር።

ጊዜ የለኝም፣ ቀልቤ በሌላ ሥራ ተይዟል ለሚሉ ደግሞ የአገራችንን ትልልቅ ደራስያን ሕይወት ማየት ይጠቅማል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ከዚያም በአምባሳደርነትና በሌላ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ሃምሳውን አልፎ ነበር። በዓሉ ግርማ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ ነበር። የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974 ተጀምሮ፣ ዘመቻውን መነሻ ያደረገው «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ወጣ። ጋዜጣ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ሰዓት አይለወጥም፤ ያ ሰዓት እየገፋው የኖረ እጅ ልብ ወለዱንም በዚያው ፍጥነት ቢጽፍ አይደንቀኝም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካኝ ግን የገጣሚው የነቢይ መኮንን ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚገኘው ብርማ ወረቀት ጀርባ ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀቱ ወደ 3,000 ይጠጋ ነበር። ጽሑፉ ከእስር የሚፈቱ ሰዎች በሚይዙት የሲጋራ ፓኬት እየተደበቀ ጥቂት በጥቂት ወጣ፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ስለ ተመስጦ ስናወራ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ የማለዳ ብርሃን እንመኛለን። እዚያ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። የነበሩት፣ ነገ ምን እንደሚሆን የማያውቁና የታሪኩን ቀጣይ ለመስማት የሚናፍቁ እስረኞች ናቸው። ለእነሱ ሲባል ማታ ይነገራል።

ነቢይ ከእስር በኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ። የዚያ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ በተረት ይጀምራል፤ አንባቢ ቅዳሜ ሲገዛው ተረቱን ይጠብቃል። ይህ መልክ ለአንባቢ ደስታ እንደሆነ ሁሉ ለጸሐፊውም ትልቅ ረዳት ይመስለኛል። በየሳምንቱ ከየት ልጀምር ብሎ መጨነቅ የለም፤ መግቢያው ታውቋል፤ የቀረው የሳምንቱን ጉዳይ የሚሸከም ተረት መፈለግ ነው።

በእኔም ሙያ እንዲህ ያለ ቋሚ መግቢያ አለ። የሬዲዮ ድራማ ትዕይንት የሚከፈተው በድምፅ ነው። ጭው ባለብኝ ቀን ባለታሪኮቼን ትቼ የድምፁን መስመር ብቻ እጽፋለሁ፤ «ድምፅ፦ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ።» ከዚያ ነገሩ ራሱ መሥራት ይጀምራል። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ጮክ ተብሎ የሚነገረው ነገር ምሥጢር ቢሆንስ? ዝናቡ በድንገት ቢያባራስ? በር ላይ የተጠለለው ሰው ማን ነው? አንድ መስመር ድምፅ ብዙ ጊዜ ሙሉ ትዕይንት ይዞልኝ መጥቷል። የሥራውን ቀን የምዘጋውም አንዱ ባለታሪክ ሌላውን ጥያቄ የጠየቀበት ቦታ ላይ ነው፤ መልሱን ባውቀውም አልጽፈውም። በማግስቱ ጠዋት ስቀመጥ መጀመሪያ የምጽፈው ያን መልስ ነው፤ ከባዶ ገጽ ጋር አልፋጠጥም።

አንድ ነገር ለይቼ ልናገር። ሐዘን የገባበት፣ የታመመ፣ ወይም ቤተሰብ የሚያስታምም ሰው ብዕር ቢከብደው ድርቀት አይባልም። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ይቀመጥ። ሐዘኑ ሲወጣለት ይጽፋል፤ ባይጽፍም ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ጤና ኖሮት፣ የሚናገረው ነገር ኖሮት፣ ግን የቀረጻ ቀንም አዘጋጅም የሌለው ጸሐፊስ? ለእሱ የሚጠብቀውን ሰው ራሱ ማበጀት ግድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጦቢያ ግጥም በጃዝ በራስ ሆቴል ለዓመታት በየወሩ ሲቀርብ ያየሁት አንዱ ትልቅ ጥቅሙ ይህ ነበር፤ መድረክ ተይዞላቸው፣ ቀኑ ተነግሮ፣ ሕዝብ ተቀምጦ የሚጠብቃቸው ገጣሚዎች ነበሩ። መድረክ ባይገኝ አንድ ሰው ይበቃል። ሦስት ሆነው በየአሥራ አምስት ቀኑ ቡና አፍልተው የጻፉትን የሚያነቡ ወጣቶች አውቃለሁ፤ ከሦስቱ አንዷ መጽሐፏን አሳትማለች። ሰብሰብ ሲሉ የሚመሰጋገኑ ሳይሆኑ የጎደለውን የሚያቃኑ መሆናቸውን ወድጄላቸዋለሁ። ወዳጅ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ሁሉን ግሩም ነው የሚል ሰው አያጽፍም፤ ሁሉን የሚያጣጥልም አያጽፍም። የሚያስፈልገው ሰዓቱን አክብሮ የሚመጣ፣ እስከ መጨረሻው የሚሰማ፣ ያልገባውን አልገባኝም የሚል ሰው ነው።

እንግዲህ እናንት ደብተር ገዝታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ዛሬውኑ እንዲህ ላለ ሰው ደውሉና ቀን ቁረጡ። ረቡዕ ማታ ካላችሁ ረቡዕ ማታ ይሁን፤ ሰኞ ሲመጣ እንዳታራዝሙት። የጻፋችሁት ሁለት መስመር ብቻ ቢሆንም ይዛችሁ ሂዱና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ከመለያየታችሁ በፊትም የሚቀጥለውን ቀን ተቀጣጠሩ።