አምስት ዓይነት ታዛዥ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሙያ የሚለካው በከባድ ቃል አይደለም። «ፎቶሲንተሲስ»ን ለመፍታት እውቀት ይበቃል። ብልሃት የሚጠይቀው ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የሚምታቱትን ቃላት መለየት ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ በጥንቱ የአንግሎ ሳክሶን ንግግር ላይ ፈረንሳይኛና ላቲን ስለደራረበ ለአንድ ነገር አራትና አምስት ስም አያጣም። ለታዛዥ ሰው ብቻ ኦቢዲየንት፣ ዶሳይል፣ ትራክተብል፣ አሚነብል፣ ቢደብል አሉት። አምስቱንም «እሺ ባይ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እንዲህ ማለፍ ያልፈለጉ ሰዎች የሠሩት ሥራ ግን ቀረብ ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው።

ሙያው የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ቄስ ገብርኤል ዢራር እ.ኤ.አ. በ1718 የአገሩን ቋንቋ ተመሳሳይ ቃላት እየነጠለ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። በእንግሊዝ የሳሙኤል ጆንሰን ወዳጅ የነበረችው ሄስተር ፒዮዚ በ1794 በሁለት ቅጽ ያሳተመችው ሥራ እንግሊዝኛ ለሚያጠኑ የውጭ አገር ወዳጆቿ የተበረከተ ነው፤ ባሏም ጣሊያናዊ ሙዚቀኛ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የሜሪያም ኩባንያ በ1942 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ያወጣው የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ነው። በመግቢያው የሙያውን ታሪክ የጻፈችው ሮዝ ኢጋን ናት።

አሠራሩን ልብ በሉ። ሰነፍ አዘጋጅ ቢሆን ቃላቱን በመጠን ይደረድራቸው ነበር፦ ይኼኛው ትንሽ ታዛዥ፣ ያኛው በጣም ታዛዥ። እነዚህ ግን የጠየቁት ሌላ ነው። እሺታው የመጣው ከየት ነው? ከትእዛዙ ነው፣ ከሰውየው ጠባይ ነው ወይስ ከያዘው ሰው እጅ?

ኦቢዲየንት ትእዛዝ ይፈልጋል። ሕግ፣ አባት ወይም አዛዥ ከሌለ ቃሉ የሚቆምበት መሬት የለውም። ታዛዡ ወድዶ ይፈጽም፣ ጥርሱን ነክሶ ይፈጽም፣ ቃሉ አይናገርም። ሥሩ በላቲን «መስማት» ነው፤ እኛም «ቃሌን አልሰማም» ስንል ጆሮውን አንከስም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የ1549 የጸሎት መጽሐፍ ሙሽራይቱ ለባሏ ልትታዘዝ ቃል እንድትገባ ያደርግ የነበረው በዚሁ ቃል ግሥ ነው። ልዕልት ዲያና በ1981 ስታገባ አስቀረችው፤ ሳራ ፈርጉሰን በ1986 መልሳ አለችው። ሁለቱም ያወቁት ነገር አለ፤ ቃሉን ያለ ሰው በላዩ ላይ ባለሥልጣን ሾሟል።

ዶሳይል ግን ትእዛዝ አያሻውም። ነገሩ ከጠባይ ነው። ከላቲኑ «ማስተማር» ስለወጣ ድሮ ምስጋና ነበር፤ ትምህርት በቀላሉ የሚገባው ማለት ነው። ዛሬ የሚስማማው ለማይራገጥ ፈረስ ነው። ለአዋቂ ሰው ሲሰጥ ስድብ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ትራክተብል ደግሞ ነገሩን ከያዢው በኩል ያያል፤ ለመያዝና ለመግራት የማያስቸግር ነው። ስለዚህ ነፍስ የሌለው ነገር እንኳ ትራክተብል ይሆናል፤ ለመዶሻ የሚመች ብረት ትራክተብል ነው፣ በኮምፒውተር ሳይንስም በተመጣጣኝ ጊዜ ሊፈታ የሚችል ስሌት በዚሁ ስም ይጠራል። ብረቱን ኦቢዲየንት ብትሉት ግጥም ጻፋችሁ እንጂ አልገለጻችሁትም። ልዩነት የሚረጋገጠውም እንዲህ ነው፦ አንዱን ቃል አውጥቶ ሌላውን በቦታው መትከልና ዓረፍተ ነገሩ ማንከስ አለማንከሱን ማየት።

አሚነብል ዘንድ ስንደርስ የሥራው ውበት ጎልቶ ይወጣል። አሚነብል ሰው የሚታዘዘው ስለተገደደ አይደለም፤ ሐሳብ ሲቀርብለት ለመስማት ልቡ ክፍት ስለሆነ ነው። የቃሉን የዘር ሐረግ ስንከተል ግን የምናገኘው ከብት እያስፈራራ የሚነዳ የሮማ እረኛ ነው። ከዚያ በፈረንሳይኛ «መምራት» ሆነ፤ በእንግሊዝ ሕግ በፍርድ ቤት ፊት ተጠያቂ መሆንን አመለከተ፤ በመጨረሻ ምክር የሚቀበል ጨዋ ሰው ሆኖ ቀረ። የ1942ቱ መዝገብ ለየቃሉ የራሱን ተቃራኒ ያቆምለታል፤ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ለአሚነብል የተሰጠው ሪካልሲትረንት ሲሆን ሥሩ የላቲን «ተረከዝ» ነው፤ ትርጉሙም በእርግጫ የሚመልስ። አንዱ የሚነዳ፣ አንዱ የሚራገጥ፤ ሁለቱም ከአንድ በረት የወጡ ናቸው! ለቢደብል የቆመው ደግሞ ዊልፉል፣ በራሱ ፈቃድ ብቻ የሚሄደው ግትር ነው። ቢደብል የሚባለው የላኩት ቦታ ሁሉ የሚሄድ ልጅ ነውና ከዚህ የተሻለ ተቃራኒ አይገኝለትም።

እንዲህ ያለው ልዩነት የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት የሚወስድ ታካሚ በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ ኮምፕላየንት ይባል ነበር። ይህ ቃል የሚጠይቀው መፈጸምን ብቻ ነው፤ የታካሚው ስምምነት አያገባውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ስለ ረጅም ጊዜ ሕክምና ባወጣው ሪፖርት አድሂረንስ የሚለውን መረጠ፤ ታካሚው ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ በያዘው መንገድ መጽናቱን ስለሚገልጽ ነው። አንድ ቃል ሲለወጥ የሐኪሙ ወንበርም ትንሽ ዝቅ አለ።

ቃል ሁልጊዜ ክብደቱን ይዞ አይኖርም፤ ይህንንም አልክድም። በ1804 የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን በርና አሌክሳንደር ሃሚልተን በጠብ ሲጻጻፉ ደብዳቤያቸውን የሚዘጉት፣ እንደ ዘመኑ ወግ፣ ታዛዥ አገልጋይነታቸውን በመግለጽ ነበር። ሐምሌ ወር ላይ በር ተኩሶ መታው፤ ሃሚልተን በማግስቱ ሞተ።

የዛሬ አንባቢ ግን ቃሉን እንደ ወግ አያልፈውም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ለሠራተኛ ወይም ለተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ የምትጽፉ ሁሉ፣ ሰውየውን ለማመስገን ብላችሁ ኦቢዲየንት አትበሉት፤ ተቀባዩ ሕፃን ወይም ውሻ ይታየዋል። ዶሳይልን ጨርሶ እርሱት። ምክር ይቀበላል ለማለት አሚነብል በቂ ነው፤ ኃላፊነቱን ከልቡ ይወጣል ለማለት ደግሞ ኮንሺየንሸስ አለላችሁ።