የተራራ ጉዞ በአጋሰስ ጀርባ ሲመዘን

ከራስ ደጀን ወርደው ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደየአገራቸው የሚመለሱ መንገደኞች፣ ከንፈራቸው በብርድ ተሰንጥቆ አፍንጫቸውም በፀሐይ ተልጦ ሳለ፣ የመራቸውን ሰው ሥራ «እንከን የማይወጣለት» እያሉ ሲያሞግሱ በሰማሁ ጊዜ፣ ውዳሴው በምን ላይ እንደ ቆመ ጠይቄ የማገኘው መልስ፣ ሾርባው ትኩስ እንደ ነበረ፣ መሪው ጨዋታ እንደሚያውቅ፣ ከተራራውም ጫፍ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ፎቶግራፍ እንደ ተነሡ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዝም ብሎ መስማት እያቃተኝ መጥቷል። የሚብሰው ደግሞ ይህን ውዳሴ አጠገባቸው ቆመው የሚሰሙት የሙያው ጀማሪዎች፣ መምራት ማለት ሾርባ ማሞቅና ማሳቅ መስሏቸው፣ በዚሁ አርአያ ታንጸው ማደጋቸው ነው።

የታወቀውን ነገር አልደግምም። መሪው ፈቃድ እንዲኖረው፣ ከደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠመንጃ ያነገበ ጠባቂ እንዲመደብ፣ አዲስ ጫማ ከጉዞው በፊት በእግር እንዲለመድ፣ ጉዞውም ከመስቀል ወዲህ እንጂ በክረምት እንዳይሆን ማንም ያውቃል። ስለ ከፍታም ቢሆን የምለው ጥቂት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ሰው መኝታውን በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳያሳድግ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ የተለመደውም የስሜን ፍኖት ሰውን መጀመሪያ በሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ፣ ቀጥሎ በግጭ 3,600 ሜትር ላይ፣ ከዚያም ብዙ በማይበልጠው በጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ እያሳደረ ስለሚወስደው ይህን ምክር ይፈጽማል። በሸዋ ሮቢት፣ በ1,280 ሜትር ገደማ፣ በወፍራም አየር ያደገውን የእኔን ብጤ ቆለኛ ከጎንደር በመኪና አንሥቶ በዚያው ቀን ጨነቅ ላይ የሚያሳድር መሪ ቢኖር፣ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ሲፈልጠው ያደረው መንገደኛ ራሱ ስለሚፈርድበት፣ የእኔ ምስክርነት አያስፈልግም።

የእኔ ነገር በቅሎ ነው። ድንኳኑን፣ የመኝታ ልብሱን፣ ድስቱን፣ ዱቄቱንና ማገዶውን ተሸክማ ያንን ሁሉ ዳገት የምትወጣው አጋሰስ በቅሎ ሆና ሳለች፣ መንገደኛው ግን እምብዛም አያያትም፤ ማለዳ ቁርሱን በልቶ ከመሪው ጋር ሲነሣ ጫኞቹ ገና ድንኳን እያፈረሱ ናቸው፤ ቀትር ላይ ቀድመውት ያልፋሉ፤ ማታ ከሰፈር ሲደርስም ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሻዩ ፈልቶ፣ በቅሎዎቹ ተራግፈው ከሣር ላይ ተሰማርተው ይቆዩታል። ሁሉ ነገር አምሮ የሚጠብቀው ስለ ሆነም፣ የጉዞው ምግባር የሚታወቅበትን አንዱን ሰዓት በየቀኑ ሳያይ ያልፋል፤ ያም ሰዓት ጭነት የሚወርድበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሥራን መመዘን የሚወድ ሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ከመሪው ተለይቶ ከጫኞቹ ጋር ይጓዝ፤ ጭነቱ ከመውረዱም በፊት በሰፈሩ ይገኝ። ጥሩ ጫኝ ሸክሙን ካወረደ በኋላ የሆዷን ጠፍር ያላላል እንጂ ንጣፉን ወዲያው አይገፍም፤ የጋለ ጀርባ የደጋ ነፋስ በድንገት ሲያገኘው ያብጣልና ጥቂት ያቆያታል። ከዚያም ንጣፉ ሲነሣ ጀርባዋ ከዳር እስከ ዳር በላብ እኩል የረጠበ መሆን አለበት። በዚያ እርጥበት መካከል መዳፍ የምታህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከሳንቲም የማትበልጥ ደረቅ ቦታ ብትታይ፣ መሪው ዐሥር ቋንቋ ቢናገር፣ ወጥ ሠሪውም የቤተ መንግሥት ግብር ቢያገባ፣ ያ ጉዞ የተበላሸ ጉዞ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ደረቅ ቦታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ብቆም አይደነቅ፤ ሌሎች ሁሉ የሚያልፏት እርሷን ነውና። ቦታዋ ላብ ያላወጣችው ክብደቱ በእርሷ ላይ ብቻ ተጠራቅሞ ደሙንም ላቡንም ስላገደ ነው። በዚያን ዕለት ቆዳው ደኅና ይመስላል፤ ጠጉሩም አልረገፈም፤ በቅሎዋም ሣሯን ትግጣለች። በማግስቱ ቦታው በእጅ ሲነካ ይግላል፤ ቀጥሎ ያብጣል፤ ዕረፍት ካላገኘ ደግሞ ይላጣል። መንገደኛ የሚደነግጠው ተልጦ ሲያይ ነው። የተላጠውንማ ዝንብም ያየዋል፤ ዐዋቂ የሚባለው ገና ቆዳው ሳይነካ በደረቅነቱ የሚያውቀው ነው። የበለዓም አህያ አንድ ጊዜ አንደበት ተሰጥቷት ጌታዋን እንደ ገሠጸችው በኦሪት ተጽፏል፤ ያ ጸጋ ለእንስሳ ስላልተደገመ ግን፣ በላብ መካከል የደረቀችውን ቦታ አይቶ መገሠጽ የሰው ዕዳ ሆኗል።

ምክንያቱ ሲመረመር አንዳንዱ የጫኙ ነው፤ የበዛው ግን ከእርሱ በላይ ያለው ሰው ነው። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ጆንያና ድሪቶ ሲታጠፍ ያልተዘረጋ አንድ እጥፋት፣ በንጣፉ ላይ የተጣበቀ አሜከላ፣ ማታ በጤዛ ርሶ ሳይደርቅ የተጫነ ድሪቶ፣ እነዚህ የጫኙ ጥፋቶች ናቸው። በአንድ ወገን የጋዝ ሲሊንደር፣ በሌላው ወገን የመኝታ ልብስ አንጠልጥሎ ሚዛኑን በክብደት ሳይሆን በመጫኛው ገመድ ጥብቀት ለማስተካከል መሞከርም የጫኙ ስንፍና ነው። ነገር ግን የእንስሳት ዐዋቂዎች አንድ አጋሰስ ከገዛ ክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ በላይ እንዳይሸከም ሲመክሩ፣ ለሦስት በቅሎ የሚገባውን ጓዝ በሁለት ያስጫነው ጫኙ አይደለም፤ ዋጋውን ለማርከስ ሲል የቀጠረው ሰው ነው። ይህ ሰው በርካሽ ዋጋው ሲመሰገን ይኖራል። ልዩነቱን የከፈለችው በቅሎዋ እንደ ሆነች ማንም አይጠይቅም፤ እኔ ግን ከበቅሎ የሚሰርቅ ሰው ከወጥ ሠሪው ብርድ ልብስ፣ ከምድጃው ጋዝና ከዕረፍቱ ቀን እንደሚሰርቅ ሳልጠራጠር እፈርዳለሁ።

ነገሩ ሁሉ የሚገለጠው ከጨነቅ ወዲያ ነው። መንገዱ ከጨነቅ ተነሥቶ 4,200 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ወደ ቧሂት በር ይወጣል፤ ከዚያም በአንድ ቁልቁለት 2,800 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርድና፣ እንደ ገና ወደ አምቢቆ 3,200 ሜትር ይወጣል። ጭነት ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ወደ ትከሻ ይንሸራተትና ሥጋ በሌለበት አጥንት ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ልባም ጫኝ በበሩ ላይ፣ ነፋሱ ቢገርፈውም ጅብራዎቹን ተጠግቶ ይቆማል፤ ጭነቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከጅራቷ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ያጠብቃል፤ መጫኛውንም ፈትቶ እንደ ገና ያስራል። ከዚህ የተነሣ አንድ ሕግ ደንግጌአለሁ፦ በቧሂት በር ላይ ቆሞ ያልታሰረ ጭነት ያለበት ጉዞ ጥሩ ጉዞ ተብሎ አይጠራም። የሚያስቀውና የሚያናድደው ግን፣ መንገደኞች ከሚያሰሟቸው ጥቂት አቤቱታዎች አንዱ «ጫኞቹ በበሩ ላይ አዘገዩን» የሚለው መሆኑ ነው፤ ምሥጋና የሚገባውን ሥራ በወቀሳ ይከፍሉታል።

ከአምቢቆ በማግስቱ ወደ ጫፉ ሲወጣ በቅሎዎቹ በሰፈር ይቀራሉ። መንገደኛው 4,550 ሜትር ላይ ደርሶ (እኛ በትምህርት ቤት 4,620 ብለን ያጠናነው ነው፤ በኋላ የመጣ ልኬት ዝቅ አድርጎታል) በድካምና በደስታ ሲመለስ፣ ወደ ድንኳኑ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንዲያይ እለምነዋለሁ፤ ድሪቶዎቹ በድንጋይ ላይ ለፀሐይ ተሰጥተዋልን? ጀርባዎቹስ በውሃ ታጥበዋልን? የጫፉ ቀን ለሰው የድካም፣ ለአጋሰስ የዕረፍት ቀን ነው፤ ይህን ዕረፍት ንጣፍ ሳያደርቅበት በእንቅልፍ ያሳለፈ ጫኝ ለመልሱ መንገድ ቁስል አዘጋጅቷል።

ይህን ማየት የተማርሁት በስሜን አይደለም፤ ባደግሁበት በቀወት ነው። ግመል የደጋውን ገደል አይደፍርምና፣ ከአፋር በረሃ የመጣ ሸቀጥ በይፋት ግርጌ ይራገፍና በአህያና በበቅሎ ጀርባ ወደ አንኮበርና ወደ መንዝ ይወጣ ነበር። የአልዩ አምባ ገበያ የኖረው በዚህ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስም በዚሁ ዳገት ነው የወጣው፤ በዚያው ዓመት ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች ራስ ደጀንን እንደ ወጡ በመጻሕፍት ተዘክሯል፤ የጫኞቹን ስም የሚዘክር ግን የለም።

በልጅነቴ ሁላችንም ሐጂ ብለን የምንጠራቸው አንድ የይፋት ሽማግሌ ነበሩ። ከሮቢት ገበያ ማሽላና ጥጥ ጭነው ወደ መንዝ ይወጣሉ፤ ከመንዝ ባናና ባቄላ ጭነው ይወርዳሉ። በቅሎ ከመጫናቸው በፊት ጀርባዋን የሚዳብሱት በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነበር፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ መዳፌን መጫኛ አደንድኖታል፤ እሳት ቢነካው አይሰማውም፤ የጀርባዋን ትኩሳት እንዴት ይሰማዋል?» አሉኝ። ከዚያም ሁለቱን ወገን ጭነት በየተራ በትከሻቸው ከፍ አድርገው ይመዝኑ ነበር፤ ሚዛን አያስፈልጋቸውም። ከጫኑ በኋላ በቅሎዋን ጥቂት እርምጃ ያስኬዷትና ከኋላዋ ቆመው ያዩዋታል፤ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ከተነቀነቀ ሁሉን አውርደው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ የበርበሬ ነጋዴ «ገበያው አመለጠኝ!» እያለ ሲጮህባቸው፣ መጫኛውን እየፈቱ፣ «ገበያው በሳምንቱ ይመለሳል፤ ቆዳው ግን በሳምንት አይመለስም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ነጋዴውም ሌላ ጫኝ ፈልጎ ሄደ፤ ሐጂም አልተከተሉትም።

በደባርቅ ወገን ደግሞ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ፣ ጠባየ ብርቱ የሆኑ አንድ መሪ ዐውቅ ነበር። የሚታጠፍ ወንበርና ጠርዙ የሾለ የብረት ሣጥን ያመጣ መንገደኛ ሲያዩ፣ «ወይ እርሱ ይቀራል፣ ወይ እኔ እቀራለሁ» ይሉ ነበር። ብዙ ሰው ቀይሟቸዋል። እኔ ግን ሕጋቸውን ወርሻለሁ፤ የጎድን አጥንት የሚወጋ ዕቃ በለስላሳ ከረጢት ካልተገለበጠ ከደባርቅ መውጣት የለበትም። ለበቅሎዎቹ ገብስና ጭድ ሳይጭኑም አይነሡም ነበር፤ በዚህም ልክ ነበሩ። ስሜን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት 12 የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ባንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲቆይ ከተጠቀሱበት ችግሮች አንዱ የከብት ግጦሽ ነበርና፣ አጋሰሱን በዋልያ ሣር ላይ የሚቀልብ መሪ ከተማ ተቀምጦ ስለ ዋልያ መጥፋት ቢያለቅስ አላምነውም።

አንድ ጀማሪ መሪ፣ «ጋሼ፣ በቅሎ የሚመደብልን በተራ ነው፤ ከመነሻው ጀርባዋ ታሞ ብትመጣ ምን ላድርግ?» ብሎ ሞግቶኛል። ጥያቄው ደኅና ነው፤ መልሱ ግን ከባድ አይደለም። ማለዳ ከመጫንህ በፊት፣ መንገደኛው እያየ፣ ንጣፉን አስነሥተህ በእጅህ ጀርባ ዳብስ፤ የጋለ ቦታ ካገኘህ በቅሎዋን መልስ፤ ለባለቤቷ የቀኑን አበል ከኪስህም ቢሆን ክፈልና ተረኛዋን ጠይቅ። ያለዚያ ባለቤቷ የልጆቹ እንጀራ ስለሚቀርበት ሕመሟን ይሸሽግሃል፤ የሸሸገውም በክፋት ሳይሆን በችግር ስለ ሆነ አትፍረድበት። ነጭ ጠጉር የበቀለበት ቦታ ካየህ ግን አትደንግጥ፤ እርሱ የዳነ የድሮ ቁስል ነውና የዛሬውን ጫኝ አያስወቅስም።

ስለ ጉርሻም ይኸው ነው። ደባርቅ ተመልሳችሁ ጭነቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወርድ ጀርባውን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ፤ ካያችሁ በኋላም የጫኙን ድርሻ ለመሪው አደራ አትስጡ፤ እኩል የረጠበ ጀርባ ያሳያችሁን ሰው ስሙን ጠይቃችሁ በገዛ እጁ ስጡት፤ ደረቅ ቦታ ካገኛችሁም ወቀሳውን በቅሎዋን በስንት ዋጋ፣ በስንትስ ጭነት እንደ ቀጠራት ለሚያውቀው ሰው፣ ሌሎች መንገደኞች እየሰሙ ንገሩት።