ከግራፉ በፊት ሰንጠረዡ

ደብረ ብርሃን ላይ ኮንክሪት የሚመረምር ሰው ብርዱንም መመዝገብ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሲሚንቶ ደግሞ በብርድ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው። ያው ድብልቅ አንኮበር አፋፍ ላይና ታች አልዩ አምባ ቢሞላ፣ በ7ኛው ቀን የሚሰጠው ጥንካሬ ይለያያል። ስለዚህ የተሞላበት ቦታና የሌሊቱ ሙቀት እንደ ሲሚንቶውና እንደ ውሃው መጠን የራሳቸው ዓምድ ይገባቸዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቀን ነው። ለምርመራ በሚሞላው የኮንክሪት ኩብ ላይ «12/03/17» ተብሎ ይጻፋል። እኛ ኅዳር 12 ቀን 2017 ብለን እናነበዋለን፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የ2017 ማርች ወይም ዲሴምበር አድርጎ ይወስደዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተሞላውም 3:00 ተብሎ ሲገባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚነበበው ከዕድሜው ጋር ስለሆነ፣ ቀኑ ከተዛባ ግራፉ በሙሉ ይዛባል። እኔ የወሩን ስም በፊደል፣ የዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ በዓምዱ ራስ ላይ አስጽፋለሁ።

ለእያንዳንዱ ኩብ አንድ ረድፍ እሰጣለሁ። ማሽኑ ያነበበው ጭነት እንዳለ ይቀመጣል፤ ስሌቱ በሌላ ዓምድ ይገባል። ባለ 15 ሴንቲ ሜትሩ ኩብ በ562.5 ኪሎ ኒውተን ከተሰበረ ጥንካሬው 25 ሜጋ ፓስካል ነው። ጥሬው ቁጥር ካለ ስሌቱን ማንም ይደግመዋል።

አማካይ ብቻውን አይታመንም። 24፣ 25 እና 26 የሰጡ ሦስት ኩቦችም፣ 18፣ 25 እና 32 የሰጡ ሦስት ኩቦችም አማካያቸው 25 ነው። በባር ግራፍ ቁመታቸው እኩል ይወጣል፤ በሁለተኛው ድብልቅ ግን ምሰሶ ለመሙላት የሚደፍር መሐንዲስ የለም። ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተማቸው አራት የቁጥር ስብስቦችም አማካያቸውና የዝምድና መስመራቸው አንድ ሆኖ፣ በነጥብ ሲሳሉ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ሁሉንም ኩብ በነጥብ አስቀምጣለሁ፤ የደጋውን በሰማያዊ፣ የቆላውን በቀይ። ያን ጊዜ መበታተኑ ከብርዱ ይሁን ከአደባለቁ መጠየቅ ይቻላል።

የመመረቂያ ጥናት የምታማክሩ መምህራን፣ እባካችሁ ከተማሪዎቻችሁ ግራፉን ብቻ አትቀበሉ፤ ጥሬውን ሰንጠረዥ አብረው እንዲያስረክቡ አድርጉ።